የሐረጎ ቁልቁለትና ድምፁ የጠፋው የኤቢኤስ ፓምፕ

መኖሪያዬ ደሴ፣ የሥራ ቦታዬ ደግሞ ኮምቦልቻ በመሆኑ፣ የሐረጎን መንገድ በሳምንት አምስት ቀን ጧት እወርደዋለሁ፤ ማታ እወጣዋለሁ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከተቀመጠችው ደሴ ተነሥቶ ከ2000 ሜትር በታች ወደምትገኘው ኮምቦልቻ የሚወርድ በመሆኑ፣ አብዛኛው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። በክረምት ጉሙ መንገዱ ላይ ይተኛል፤ ከገደሉ ጎን ታጥቦ የሚወርደው ጭቃ አስፋልቱን ይቀባዋል፤ ከባድ የጭነት መኪናዎች በከባድ ማርሽ ተከታትለው ይወርዳሉ። በዚህ መንገድ ላይ የሚመላለስ ሰው ስለ ፍሬኑ ሳያስብ የሚውልበት ቀን የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ባለፈው ነሐሴ መጀመሪያ አንድ ቀን ጧት፣ ከከተማው ሳልወጣ በፊት የአሮጌዋ ኮሮላዬ ዳሽቦርድ ላይ ቢጫው የኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት፣ መብራት በራ። ፍሬኑን ረገጥ አድርጌ ሞከርኩት፤ እንደ ወትሮው ያዘ። ፔዳሉ አልሰጠመም፣ አልተንቀጠቀጠም፣ መኪናዋም ወደ ጎን አልሳበችም። ስለዚህ «ክረምቱ ሲወጣ አሳያታለሁ» ብዬ ሁለት ሳምንት ያህል በዚያው መብራት ነዳኋት። ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ መብራቱ ቢጫ እንጂ ቀይ ስላልሆነ፣ ፍሬኑም ስለሚይዝ፣ ነገሩ የሚቆይ ይመስላል።

የሚቆየው ግን ክፉው ቀን እስኪመጣ ድረስ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በካፊያና በጉም መካከል አንድ ኩርባ ላይ ስደርስ ፍየሎች መንገዱን ሲያቋርጡ አገኘኋቸው። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩት። ጎማዎቹ ጥርቅም ብለው ተቆለፉ፤ መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ መኪናዋ ግን መሪው እንዳልዞረ ሁሉ ቀጥ ብላ በጭቃው ላይ መንሸራተቷን ቀጠለች። ስትቆም በመከላከያዋና በመጨረሻዋ ፍየል መካከል የቀረው ቦታ ከአንድ ክንድ አይበልጥም ነበር። እረኛው ልጅ ዱላውን ወደ ላይ እንዳነሣ ደርቆ ቀርቶ ያየኝ ነበር። ያ ዱላ እስከ ዛሬ ድረስ ዓይኔ ላይ አለ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

በዚያ ቅጽበት የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ስለ ኤቢኤስ አሠራር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የሚንከባለል ጎማ መንገዱን ይጨብጣል፤ የተቆለፈ ጎማ ግን ይንሸራተታል፤ የሚንሸራተት ጎማ ደግሞ መሪው ወደየትም ቢዞር መኪናውን ወደዚያ ሊወስደው አይችልም። በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው የዛሬው ኤቢኤስ በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከቦሽ ፋብሪካ ወጥቶ በመርሴዲስ ኤስ-ክላስ መኪና ላይ ለሽያጭ ሲቀርብ ይህንኑ ችግር ለመፍታት ነበር። በየጎማው ላይ ያለው ሴንሰር የመሽከርከር ፍጥነቱን ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ በድንገት ሲቀዘቅዝ ኮምፒውተሩ ጎማው ሊቆለፍ መሆኑን ይረዳና ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን ዘይት በትንሿ ቫልቭ ይዘጋል፤ ካስፈለገም ሌላ ቫልቭ ከፍቶ የገባውን ዘይት ያስወጣል። ይህ ነገር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይካሄዳል።

ፓምፑ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከጎማው የወጣው ዘይት ትንሽ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል፤ ማጠራቀሚያዋም ቶሎ ትሞላለች። ያንን ዘይት መልሶ ወደ ፍሬን ማስተሩ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ወደሚገፋው ዕቃ፣ የሚገፋው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሽከረከረው ፓምፕ ነው። ፓምፑ ካልሠራ ማጠራቀሚያዋ እንደሞላች ትቀራለች፤ ቫልቮቹም ዘይቱን የሚያስወጡበት ቦታ ያጣሉ። በዚህ ምክንያት ኮምፒውተሩ የፓምፑን መድከም እንዳወቀ ኤቢኤሱን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል፣ ቢጫውን መብራት ያበራል፣ መኪናውንም ለተራው ፍሬን ይተወዋል። ተራው ፍሬን ደኅና ስለሆነም ባለቤቱ ምንም እንዳልጎደለበት ይሰማዋል። ቀዩ የፍሬን መብራት ከቢጫው ጋር አብሮ ከበራ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወይ የፍሬን ዘይቱ ጎድሏል፣ ወይ የእጅ ፍሬኑ ተይዟል፣ ወይም በፊትና በኋላ ጎማ መካከል የፍሬኑን ኃይል የሚያከፋፍለው ሥርዓት አብሮ ጠፍቷል። እንዲህ ያለ መኪና ሲረገጥ የኋላ ጎማዎቹ ቀድመው ሊቆለፉና ጭራውን ሊያዞሩት ስለሚችሉ፣ ለሐረጎ ቀርቶ ለከተማም አይነዳም።

በማግሥቱ መኪናዋን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ስካነሩን ሰኩና ሲ1251 የሚል ኮድ አወጡ። «ፓምፑ ሞቷል፤ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ይመጣልሃል» አሉኝ። የጠሩልኝ ዋጋ ከሁለት ወር ደሞዜ ይበልጥ ነበር። በሁለተኛው ጋራዥ ያገኘሁት ሰው ደግሞ ይበልጥ አሳዘነኝ። ወጪውን ስነግረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መብራቱን ብቻ በትንሽ ገንዘብ ሊያጠፋልኝ እንደሚችል ነገረኝ። ይህን የሚያደርግ ሰው መኪናውን ወደፊት የሚገዛውን ቤተሰብ ጭምር እንደሚያታልል ማወቅ አለበት። አሮጌ መኪና ለምትገዙ ሁሉ አንድ ነገር እነግራችኋለሁ፦ ቁልፉን አዙራችሁ ሞተሩን ሳታስነሡ ዳሽቦርዱን ተመልከቱ። ጤነኛ መኪና የኤቢኤሱን መብራት ለሦስት ሰከንድ ያህል አብርቶ ያጠፋዋል። መብራቱ ከነጭራሹ ካልበራ አምፖሉ ወጥቷል ወይም ሽቦው ተነካክቷል ማለት ነው። ከሌላ መብራት ጋር የተገናኘ ከሆነም ሁለቱ በአንድ ጊዜ በርተው በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ፤ ይህንንም አስተውሉ።

ስካነር የለኝም። ነገር ግን የእኔዋ ኮሮላ በተሠራችበት ዘመን የወጡ ቶዮታዎች ብዙዎቹ ያለ ስካነርም ኮዳቸውን ይናገራሉ። ከመሪው ሥር ባለችው ባለ 16 ቀዳዳ የምርመራ ሶኬት ውስጥ 4ኛውንና 13ኛውን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ማዞር ብቻ ነው። ማታ ግቢ ውስጥ የወረቀት መያዣ ሽቦ አቅንቼ፣ ቀዳዳዎቹን በእጅ ባትሪ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ አስገባሁት። 16ኛው ቀዳዳ በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚመጣ ስለሆነ ሽቦው እሱን መንካት የለበትም፤ ማንም የሚሞክረው ሰው በዚህ ላይ ይጠንቀቅ። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ ብልጭታውን እንድትቆጥርልኝ ጠየቅኳት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ ከዚያ መብራቱ ጥቂት ዐረፈና «አንድ» ብላ ቆመች። ደጋግሞም ያው ሆነ። አምስትና አንድ፣ ኮድ 51። ስካነሩ ሲ1251 ያለው ይኸው ራሱ ነው። ሌላ ኮድ ቢኖር አብሮ ይመጣ ነበር፤ አልመጣም። ስለዚህ የጎማ ሴንሰሮቹ ደኅና መሆናቸውን በዚያው አወቅኩ፤ በክረምት ጭቃ ሴንሰር ላይ ሲጋገር የሚበራው መብራትም ይኸው ቢጫ መብራት ስለሆነ ይህን መለየት ዋጋ ነበረው።

ኮድ 51 ምን ይላል? የፓምፑ ሞተር አልዞረም፣ ወይም የሞተሩ መስመር ተቋርጧል ነው የሚለው። «ፓምፑ ሞቷል» አይልም። በእነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ የሁለት ወር ደሞዝ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሞተሩን አዝዞት እንዳልዞረ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ራሱ ተበላሽቶ ይሁን ኤሌክትሪክ አጥቶ የመለየት አቅም የለውም። ያንን የሚለየው ሰው ነው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መኪናዋን አስነሥቼ ከግቢ ስወጣ፣ ገና ጥቂት ሜትር እንደሄድኩ ከኮፈኑ ሥር «ግርር» የምትል አጭር ድምፅ ሁልጊዜ እሰማ ነበር። ይህ ኮምፒውተሩ መኪናው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ቫልቮቹንና የፓምፑን ሞተር ለአፍታ የሚፈትሽበት ድምፅ ነው። ሰው ስለለመደው አይሰማውም። ከመቼ ጀምሮ እንደጠፋ ባላውቅም፣ በዚያ ሰሞን ግን አልነበረም።

ፊውዙን አወጣሁ፤ ወፍራሙ የሞተሩ ፊውዝ ደኅና ነው። ቴስተሩን ይዤ በእኔ መኪና ለብቻው ወደሚገኘው የፓምፑ ሞተር መስመር ሄድኩ። የሚመጣው ኤሌክትሪክ 12.4 ቮልት። የኔጌቲቩን ሽቦ ከሻንሲው ጋር ለካሁት፤ ዜሮ ሊባል የሚችል ነው። ኤሌክትሪክ አለ፣ ኔጌቲቩም አለ፣ ሞተሩ ግን አይዞርም። እንግዲህ ጋራዡ ያለኝ እውነት ነው ማለት ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ያዳነኝ በደሴ ረጅም ዘመን በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ የኖሩ አንድ አባት ናቸው። ቴስተሬን ይዤ ሄጄ የለካሁትን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። አዳምጠውኝ ሲጨርሱ «አብሽር ልጄ፤ የለካኸው ውሸት አይደለም፤ ግን ሥራ ሳይዝ ነው የለካኸው» አሉኝ። ከመደርደሪያቸው ላይ ሁለት ሽቦ የተበየደበት አሮጌ የፊት መብራት አምፖል አነሡ። የፓምፑን ሶኬት ነቅለው አምፖሉን በሞተሩ ቦታ አገናኙት። ሙሉ ኃይል ቢያገኝ ዓይን የሚወጋው አምፖል፣ ሊጠፋ እንደተቃረበ ፍም ደብዝዞ ቀላ ብቻ። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው።

ምክንያቱን እንዲህ ብለው ነበር ያስረዱኝ። ሰፊ ቧንቧ ውስጥ ሊደፍነው ጥቂት የቀረው ደለል ቢገባና ጫፉ ላይ ያለው መክፈቻ ተዘግቶ ግፊቱ ቢለካ፣ ግፊቱ ሙሉ ሆኖ ይነበባል፤ መክፈቻው ሲከፈት ግን የሚወርደው ጠብታ ነው። ቴስተር ሲለካ ከመስመሩ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከቁጥር የማይገባ በመሆኑ፣ በአንዲት ቀጭን የሽቦ ክር የተንጠለጠለ መስመርም ቢሆን 12 ቮልት ያሳያል። የፓምፑ ሞተር ግን ለመነሣት ብዙ አምፔር የሚፈልግ ነው፤ በዝገት በኩል ያን ያህል ሊያልፍለት አይችልም። 55 ዋት የሆነ የፊት መብራት አምፖል አራት ተኩል አምፔር ገደማ ስለሚስብ፣ ለሞተሩ ባይተካከልም የመስመሩን ድካም ለማጋለጥ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላልና ደስ የሚል ነበር። አምፖሉ እንደበራ ቴስተሩን መጀመሪያ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሶኬቱ ፖዘቲቭ ዘረጋነው፤ የጠፋው 0.2 ቮልት ብቻ ነው። ቀጥለን ከሶኬቱ ኔጌቲቭ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ዘረጋነው፤ 4.9 ቮልት። አምፖሉ ላይ የቀረው 7.3 ነበር። ሦስቱ ሲደመሩ 12.4 ይመጣሉ፤ ሒሳቡ ሲገጥም ጥርጣሬዬ በሙሉ ለቀቀኝ። ደኅና የሆነ የኔጌቲቭ መስመር በእንዲህ ያለ ሸክም ላይ ከ0.2 ቮልት በላይ ሊያጠፋ አይገባም።

የኔጌቲቩን ሽቦ በእጄ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ከባትሪው ማስቀመጫ ሥር ገብቶ ከመኪናዋ አካል ጋር በአንዲት ብሎን ታስሯል። ባትሪውን አውጥቼ ሳየው፣ በዓመታት ከባትሪው የተንጠባጠበው አሲድ ብሎኗን በአረንጓዴና ነጭ ዱቄት ሸፍኗታል። ስፈታት ግማሹ ዱቄት ሆኖ በእጄ ላይ ቀረ፤ ከሥሯ ያለው ቆርቆሮ ከቀለሙ ተላቅቆ ዝጓል። ቦታውን በሞቀ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ አጥቤ አሲዱን አረከስኩት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፈገፈግኩ፤ የሽቦውን ጫፍ ቆርጬ በአዲስ የመዳብ ጫፍ አሰርኩት፤ በአዲስ ብሎን አጥብቄ ከላዩ ግሪስ ቀባሁበት። ግሪሱ ከታሰረ በኋላ የሚቀባው አየርና ውኃ እንዳይደርስ ነው እንጂ በብረቱና በብረቱ መካከል መግባት የለበትም። አምፖሉን መልሰን ስናገናኘው የአውደ ሥራውን ግድግዳ አበራው። የኔጌቲቩ ኪሳራ 0.06 ቮልት ሆኖ ተነበበ።

ኮዱን ለማጥፋትም ስካነር አላስፈለገም። ያችው አጭር ሽቦ 4ኛውና 13ኛው ቀዳዳ ውስጥ እንዳለች፣ ቁልፉ ተከፍቶ የፍሬኑ ፔዳል በ5 ሰከንድ ውስጥ 8 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲረገጥ የተመዘገበው ኮድ ይጠፋል። ሽቦዋን አወጣሁ፤ መኪናዋን አስነሣሁ፤ ከበሩ እንደወጣሁ ያች «ግርር» የምትለዋ ድምፅ ተመለሰች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። በሦስተኛው ቀን መብራቱ እንደገና በራ፤ ኮዱም ያው 51 ነው። በዚህ ጊዜ ግን የምጠረጥረው ነገር ጠብቦ ነበር። አምፖሉን አገናኝቼ መስመሩ ደኅና መሆኑን አረጋገጥኩ። ስለዚህ የቀረው ሞተሩ ነው። መስመሩን ትቼ ሞተሩን ፊውዝ ባለበት ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ለአንድ ሰከንድ ያህል አገናኘሁት፤ ከዚያ በላይ ማስሮጥ አያስፈልግም። ድምፅ የለም። በካቻቢቴው እጀታ ሞተሩን ቀስ ብዬ ቆርቆር አድርጌ ደግሜ ሳገናኘው ግርር ብሎ ተነሣ። የሞተሪኖ (የመኪና ማስነሻ ሞተር) ብልሽት ያየ ሰው ሁሉ ይህን ምልክት ያውቀዋል፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን ቤቱ ውስጥ ተጣብቆ የሚሽከረከረውን መዳብ አልነካ ሲል የሚሆነው ይኸው ነው።

ፋብሪካው የሞተሩን ካርቦን ለብቻው አይሸጥም፤ ዕቃው የሚተካው እንደ አንድ ሙሉ አካል ነው። እኔ ለመክፈት የወሰንኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሞተሩ ከቫልቮቹ ብሎክ ጋር በብሎን የተያያዘ በመሆኑ የፍሬን ቱቦዎቹን ሳልነካ ሊወጣ የሚችል ነበር። ሁለተኛ፣ ቢበላሽብኝ እንኳ ሊጣል የተፈረደበት ዕቃ ነው። ዙሪያውን በመጥረጊያና በአልኮል አጽድቼ አንዲት የአቧራ ቅንጣት እንዳትገባ ካደረግኩ በኋላ፣ ሞተሩ የነበረበትን አቀማመጥ ምልክት አድርጌ ብሎኖቹን ፈታሁ። በመጀመሪያ ያየሁት ውስጡ እርጥብ መሆን አለመሆኑን ነው። የፍሬን ዘይት አልፎ ገብቶ ቢሆን ኖሮ የፓምፑ ጎሚኒ አልቋል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን መጠገን ማለት አደጋን ማቆየት ስለሆነ ሥራውን እዚያው አቆመው ነበር። ደረቅ ነበር።

ውስጡ በጥቁር የካርቦን ብናኝ ተሞልቷል። ከካርቦኖቹ አንዱ በጣቴ ገፋ ሳደርገው በስፕሪንጉ ኃይል ወዲያው ይመለሳል፤ ሌላው ግን በገፋሁት ቦታ ቁጭ አለ። ብናኙ ከእርጥበት ጋር ተዋህዶ እንደ ጭቃ ሲደርቅ ካርቦኑን ከቤቱ ጋር አጣብቆታል። አውጥቼ ቤቱን በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ወለወልኩ፤ የካርቦኑን ጎኖች በልሙጥ ብርጭቆ ወረቀት ነካ ነካ አደረግኩ፤ ርዝመቱ ገና ለብዙ ጊዜ የሚበቃ ነው። ጠቁሮ የነበረውን መዳብ ቀይ ሆኖ እስኪታይ ድረስ በዚያው ወረቀት አዙሬ ጠረግኩት፤ በመዳቦቹ መካከል ባሉት ቀጫጭን ክፍተቶች የተጠቀጠቀውን ብናኝ ደግሞ በእንጨት ስንጥር አንድ በአንድ አወጣሁ። ይህ ብቻውን አንድ ሰዓት ወሰደብኝ፤ በብረት መጫር ግን መዳቡን ይጎዳል። ሞተሩንና ፓምፑን የሚያገናኘው ኩሽኔታ ሳይንጫጫ እንደሚዞር ካየሁ በኋላ፣ የማሸጊያውን ጎማ በአዲስ ተክቼ መልሼ ገጠምኩት። በቀጥታ ከባትሪው ጋር ሳገናኘው፣ አንድም ጊዜ ሳልቆረቁረው፣ በተከታታይ አሥር ጊዜ ተነሣ።

ይህን ያነበበ ሁሉ ሄዶ ፓምፑን እንዲከፍት አልመክርም። ካቻቢቴ በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው የፍሬን ዕቃ ላይ ሊጀምር አይገባውም። አምፖሉን ግን ማንም ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው በአምስት ደቂቃ ሊያደርገው ይችላል፤ ፓምፕ ይቀየር ከመባሉ በፊት ይህን ጠይቁ። መቀየሩ ግድ ከሆነም፣ ያገለገለው ፓምፕ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አይታችሁ ተቀበሉ፤ ቱቦዎቹ ከተፈቱ ደግሞ አየሩ በደንብ መውጣት አለበት። በአንዳንድ መኪናዎች በቫልቮቹ ውስጥ የተደበቀው አየር በፔዳል ብቻ ስለማይወጣ ፓምፑን የሚያሠራ ስካነር ይፈልጋል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚለጠጥ መኪና ተቀብላችሁ ወደ ሐረጎ እንዳትወርዱ እለምናችኋለሁ።

በዚሁ አጋጣሚ የፍሬን ዘይቱን ለወጥኩት። የፍሬን ዘይት ውኃን ከአየር እየሳበ የሚኖር ነገር ነው። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት ሲገባው፣ እርጥበት ከያዘ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛው መጠን ወደ 140 ይወርዳል። በደሴ ከፍታ ውኃ ራሱ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ከሠራ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ ኤቢኤስ ከዚያ አያድንም። ከእኔ ማጠራቀሚያ የወጣው ዘይት ያደረ ሻይ መስሎ ጠቁሮ ነበር። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድም እንደ ድሮው ግዴታ ነው።

ሥራው መጠናቀቁን ያረጋገጥኩት ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ሰውም ከብትም በሌለበት ሜዳ፣ በጠጠር መንገድ ላይ ነው። በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄድኩ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። ፔዳሉ እግሬ ሥር ተርገበገበ፤ ከኮፈኑ ሥር ፓምፑ አጉረመረመ፤ መሪውን ወደ ግራ ሳዞረው መኪናዋ ታዝዛ ወደ ግራ ሄደች። ወርጄ ዱካውን አየሁት፤ ጎማው አንድ ወጥ ቦይ በመቆፈር ፋንታ ያዝ ለቀቅ እያደረገ የሄደበት የተቆራረጠ መስመር ነበር። በጠጠርና በለስላሳ አፈር ላይ ኤቢኤስ የመቆሚያውን ርቀት ሊያስረዝመው እንደሚችል መታወቅ አለበት፤ የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን ፊቱ ቆልሎ ይቆማልና። የሚሰጠን ትልቁ ነገር እየረገጥን መዞር መቻላችን ነው። ብዙ አሽከርካሪዎች ፔዳሉ ሲርገበገብ የተሰበረ ነገር ያለ መስሏቸው እግራቸውን ያነሣሉ። እንዲያ አታድርጉ፤ መርገብገቡ ሥራው ነው፤ አጥብቃችሁ ያዙት፤ መሪውን ወደ ነፃው ቦታ አዙሩ።

ለአዛውንቱ ኤሌክትሪሻን ያንን ሁሉ ልነግራቸው ስመለስ ሥራ ላይ ነበሩ። ሞተሩን እንደከፈትኩት ስነግራቸው ቅር ያላቸው መሰለኝ፤ «እርጥብ ነበር ደረቅ?» ብለው ጠየቁኝ። «ደረቅ ነበር» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለአምፖሉ ምርመራ ልከፍላቸው ብል እጄን መለሱት። ቤቴ ስገባ ከአሮጌ የፊት መብራት ላይ አምፖል ፈትቼ፣ ሁለት ቀይና ጥቁር ሽቦ በይጄበት፣ የሽቦዎቹ ጫፍ ላይ መቆንጠጫ አሰርኩ። አሁን ከመኪናዋ ኋላ ከክሪኩ ጎን፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።